ሰበቃን ያስተማርኩበት ዓመት

አንኮበር የገባሁት በሃምሳዎቹ አጋማሽ፣ በመስከረም መጨረሻ ነው። ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን፣ የተማርኩትም እዚያው ሲሆን ከመምህራን ማሠልጠኛ የወጣሁት በዚያው ክረምት ነው። አባቴ ባና ሠሪ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በባዶ እግሩ የሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ የኖረ ሰው ነው፤ እኔ መምህር ሆኜ ስመደብ ግን ታቹ ቆዳ የሆነ፣ እንደ መስተዋት የሚያበራ ጥቁር ጫማ አሠራልኝ። ጫማውን አድርጌ ነው የሄድኩት።

ከደብረ ብርሃን የተሳፈርኩበት የጭነት መኪና ጭቃው እስካስቆመው ድረስ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሻንጣዬንና ፍራሼን በበቅሎ የሚያደርስልኝ ሰው ተገኘ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሠላሳውን ያለፈ፣ ሽርጥ ያገለደመ እስላም ነበር፤ አገሩ ከአልዩ አምባ ዝቅ ብሎ ያለ መንደር ነው። ከቆላ ጨውና ጥጥ እያወጣ፣ ከደጋ ገብስና ባቄላ እያወረደ በበቅሎ ጭነት የሚተዳደር ሰው መሆኑን መንገድ ላይ ነገረኝ።

ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ አዳለጠኝ። ሁለቱንም ጊዜ ክንዴን ይዞ አቆመኝ። በኋላ ቆም አለና ከጭነቱ ላይ የጆንያ ቁራጭ አውጥቶ፣ «ጫማውን በዚህ ይጠቅልሉት መምህር፤ መሬቱን ይነክስልዎታል» አለኝ። መምህር ሆኜ በተመደብኩበት አገር እግሬን በጆንያ ጠቅልዬ ልገባ አልፈለግሁም። እምቢ አልኩ። ከተማው መግቢያ ላይ፣ ውሃ የተሸከሙ ሴቶችና ከገበያ የሚመለስ ሰው በተሰበሰበበት ቦታ፣ ሁለት እግሬ በአንድ ጊዜ ወደፊት ሄደና በጀርባዬ ወደቅሁ። ያ ሁሉ ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም። አንስቶ በጆንያው ቁራጭ ጭቃውን ጠረገልኝ። አለመሳቁ ባሰብኝ።

ትምህርት ቤቱ ከከተማው ትንሽ ራቅ ብሎ ገደሉ ጫፍ ላይ የተሠራ፣ እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ ያለው ነበር። የዛሬን አላውቅም፤ ያን ጊዜ ሁለት ረድፍ የቆርቆሮ ቤት፣ አንድ የባንዲራ መስቀያ፣ እንደ አውድማ የተደለደለ ሜዳ ነበረው። ሰኞ ጠዋት የስድስተኛ ክፍልን በር ከፍቼ ስገባ ተማሪው ሁሉ ብድግ አለ። ከኋላ ወንበር ላይ ከሁሉም ራስ በላይ ብቅ ያለው ያ ባለ በቅሎ ነበር።

ታሪኩን የነገረኝ ዲሬክተሩ ነው። ሰውየው ከጥቂት ዓመት በፊት ዳኛ ፊት ቀርቦ ያላነበበው ወረቀት ላይ አውራ ጣቱን አስነክተውት የአባቱን መሬት ግማሽ ወስደውበታል። ከዚያ በኋላ በሃያ ስምንት ዓመቱ አንደኛ ክፍል ገባ። ጎበዝ ስለነበር ሁለት ክፍል ዘሎ ስድስተኛ ደርሷል። ከሰኞ እስከ ዓርብ አንድ የከተማ ነጋዴ ቤት፣ በበቅሎዎቹ ጋጣ ጎን በተቀጠለች ክፍል ያድራል፤ ለማደሪያው ዋጋ በቅሎዎቹን ይጠብቃል። ቅዳሜና እሑድ ጭነት ይጭናል። በዚያ ዓመት ደግሞ የሰባት ዓመት ሴት ልጁን አንደኛ ክፍል አስገብቷት ነበር። ሰኞ ሰኞ ሌሊት ተነስቶ በበቅሎ ላይ አስቀምጧት ይመጣል፤ ዓርብ ይዟት ይወርዳል። ዲሬክተሩ ይህን ሁሉ ሲነግረኝ እንደ ቀልድ ነበር የሚያወራው። ለሽማግሌ ፊደል ማስቆጠር ትዕግሥት ይጠይቃል ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

እውነቱን ልናገርና ያ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከበደኝ። ያጠፋብኝ ነገር አልነበረም። እኔ ስገባ ቀድሞ የሚነሳው፣ «እርስዎ» እያለ የሚያናግረኝ፣ የቤት ሥራውን ሳይሠራ የማይመጣው እሱ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ባስረዳሁ ቁጥር ልጆቹ ዞር ብለው እሱን ያዩታል። በዕረፍት ሰዓት ከበውት ይቆማሉ። እኔ የነገርኳቸውን ሒሳብ እሱ በጠጠር ሲያስረዳቸው በመስኮት አየሁት። ስወድቅ ያየኝ ሰው መሆኑም ከሐሳቤ አይወጣም። እሱ ለማንም አላወራም፤ ቢያወራ ኖሮ እሰማ ነበር። እኔ ግን ከኋላ ወንበር ላይ ዓይኑን ባየሁ ቁጥር ጀርባዬ ላይ ያለው ጭቃ የሚታየው ይመስለኝ ነበር።

በጥር ወር የሳይንስ ትምህርት ሰበቃ ላይ ደረሰ። የመጀመሪያው ቀን ጥሩ ነበር። ጠዋቱ ብርድ ስለነበር ሁሉም መዳፉን ከመዳፉ እንዲያሽ አዘዝኩ። ሞቃቸው። ይህ ሙቀት ሁለት ነገሮች ተነካክተው ሲንሸራተቱ የሚመጣ ነው፣ እንቅስቃሴን የሚይዘውም ኃይል ሰበቃ ይባላል አልኳቸው። ክብሪት ጫርኩ። እርጥብ ሳሙና ከእጅ የሚያመልጠው፣ ደረቁ የማያመልጠው ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። በክረምት የክፍሉ ደፍ ላይ አመድ የምንበትነው ለምን እንደሆነ አንዲት የቄስ ልጅ መለሰች። ሌላ ምሳሌ ያለው ስል ከኋላ እጁ ወጣ።

ስለ ገመድ ነበር የተናገረው። ገደል ላይ ጭነት ሲወርድ ገመዱን በዛፍ ግንድ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ከጠመጠሙት አንድ ሰው ብቻውን የበቅሎ ሙሉ ጭነት ይዞ ቀስ እያደረገ ያወርዳል፤ ካልጠመጠመው አራት ሰው አይዘውም አለ። ግንዱ ነው የሚይዝልን፣ አሁን ስሙን አወቅሁት አለ። የጠፍር ማሰሪያ ሲረጥብ ለምን እንደሚሟልጭ፣ የፀጉር ገመድ ግን ለምን እንደማይለቅ ጨመረ። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ሰሙት። እኔን እስከዚያ ጊዜ ድረስ እንዲህ ሰምተውኝ አያውቁም።

በማግሥቱ የክፍሉን ትኩረት ወደ ራሴ ልመልስ ፈለግሁ። ደብተሬ ውስጥ ስለ ሰበቃ የተጻፈው አንድ ገጽ ተኩል ነበር፤ እሱንም በመጀመሪያው ቀን ጨርሼዋለሁ። ስለዚህ ከራሴ ጨመርኩ። አንድ ጡብ ጠረጴዛ ላይ አድርጌ በሰፊ ጎኑ ሲጎተት ብዙ ቦታ ስለሚነካ ሰበቃው ይበዛል፣ በጠባብ ጎኑ ሲጎተት ጥቂት ቦታ ስለሚነካ ያንሳል አልኩና ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት። ማንም አላስተማረኝም። እንዲህ መሆን አለበት ብዬ ነው የጻፍኩት። ልጆቹ ወደ ደብተራቸው ይገለብጡ ጀመር።

እሱ አልጻፈም። እጁን አወጣ። ፈቀድኩለት።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለ፣ «እኔ ድንጋይ ብዙ ጎትቻለሁ። ጭቃ ላይ ከሆነ ጠባቡ ይሰምጣል፣ ያ ሌላ ነው። ደረቅና ጠንካራ መሬት ላይ ግን በሰፊውም በጠባቡም ጉልበቱ አንድ ነው።»

ልጆቹ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያሉ። ድንጋይ መጎተትና ሳይንስ ለየቅል ናቸው፣ በቅሎ ነጂ የሚያውቀው የበቅሎ ነገር ነው አልኩት። አንዳንዶቹ ሳቁ። ቁጭ ብሎ መጻፍ ነበረበት። «የማላውቀውን እጽፋለሁ መምህር፤ ይኼን ግን አውቀዋለሁ» አለና እንደቆመ ቀረ።

በዕረፍት ሰዓት ለዲሬክተሩ ነገርኩት። ሲጋራውን እያጨሰ አዳመጠኝ። አንድ ጊዜ ተማሪ ፊት የተረታ መምህር ዓመቱን ሙሉ ሲረታ እንደሚኖር ነገረኝ። ትልቅ ሰው ስለሆነ አለንጋ አያስፈልገውም፣ ሌላ ነገር ፈልግለት አለኝ። ሌላውን ነገር ያገኘሁት እዚያው ቆሜ ነው። አዲስ ክፍል ሊሠራ የመጣ ጥርብ ድንጋይ ሜዳው ዳር ተከምሯል። ከመካከሉ ርዝመቱ አንድ ክንድ፣ ስፋቱ ሁለት ስንዝር የማይሞላ፣ ውፍረቱ አንድ ስንዝር የሆነ፣ ሁለት ሰው የሚያነሳው ድንጋይ መረጥኩ።

ተማሪው ሁሉ ሜዳው ዙሪያ እንዲቆም አደረግሁ። ለእሱ የቃጫ ገመድ ሰጠሁት። ድንጋዩን በሰፊ ጎኑ ከባንዲራው እስከ አጥሩ፣ ከዚያ ገልብጦ በጠባቡ ከአጥሩ እስከ ባንዲራው እንዲጎትት አዘዝኩት። ሲጨርስ የቱ እንደሚከብድ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ ይናገራል። ገመዱን ትከሻው ላይ ሊያደርግ ሲል ከለከልኩት። ልዩነቱ እንዲሰማህ በእጅህ ብቻ ያዝ አልኩት። በዕድሜ በአሥራ ሁለት ዓመት የሚበልጠኝን ሰው «አንተ» ነበር የምለው።

ጎተተ። በሰፊውም በጠባቡም ጎተተ። ሲመለስ ጠየቅሁት።

«አንድ ነው መምህር» አለ።

ድገም አልኩት። ደገመ። ልጆቹ እንደ ጨዋታ ወስደውት ይስቃሉ፣ ያጨበጭባሉ፤ «ወዴት ነህ በቅሎ» የሚለውም ነበር። አምስት ጊዜ አመላለስኩት። አምስቱንም ጊዜ መልሱ ያው ነበር። ደወል ሲደወል ነገ እንቀጥላለን ብዬ አሰናበትኩ።

ያ ወር ረመዳን ነበር። ሰውየው ፆም ላይ መሆኑን አውቅ ነበር። ጠዋት ከንጋት በፊት ከቀመሰው በቀር እህልም ውሃም በአፉ አይዞርም። አንኮበር ብርድ ቢሆንም ፀሐዩ ቀትር ላይ ያቃጥላል። ይህን አላውቅም ነበር ብዬ ብጽፍ ማን ያጣራብኝ ነበር፤ ነገር ግን አውቅ ነበር። በደንብ ነው የማውቀው፤ ቅጣቱን ስመርጥም አስቤበታለሁ።

በሁለተኛው ቀን ስምንት ጊዜ ጎተተ። ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ነበር። መዳፉን ገመዱ ልጦት ስለነበር በራሱ መሐረብ ጠቅልሎት መጣ፤ መሐረቡን አስፈታሁት። ያን ቀን የሳቁት ልጆች ቁጥር ቀንሷል። ያቺ የቄስ ልጅ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማ ነበር፤ ዙሪ ብዬ ተቆጣኋት። በመጨረሻው ዙር ላይ ሰውየው ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀና መልሱን ተናገረ። አንድ ነው አለ። ድምፁ ውስጥ ንዴት ቢኖር ይቀለኝ ነበር። አልነበረም። አንድ ሰው ገበያ የት ነው ብሎ ሲጠይቀው እንደሚመልስ ሰው ነበር የሚመልሰው።

ማታ ቤቴ ገብቼ አንድ መጽሐፍ ሳጥን ላይ አደረግሁና በክር ጎተትኩት። በሰፊው፣ ከዚያ አቁሜ በጠባቡ። ልዩነት ያለ መሰለኝ። ከዚያ የሌለ መሰለኝ። ክሩን ጠቅልዬ አስቀመጥኩና ተኛሁ። እንደገና ልሞክረው እችል ነበር፤ ሚዛን ከነጋዴ ተውሼ ልለካው እችል ነበር። አልፈለግሁም።

ሦስተኛው ቀን ዓርብ ነው። ጠዋት ወደ እኔ መጥቶ ለጁምዓ ሶላት እንድለቀው በትሕትና ለመነኝ፤ ከዚያ ተመልሶ እስከ ማታ እንደሚጎትት ቃል ገባ። መልሱን ዛሬ ካገኘህ ትሄዳለህ አልኩት። በሦስተኛው ቀን ዲሬክተሩም ሊያይ ወጥቶ ወንበር አስመጥቶ ተቀምጧል። የታችኛው ክፍል ተማሪዎችም ወጥተው ነበር።

ስድስት ጊዜ ሄዶ ተመለሰ። በሰባተኛው ላይ እግሩ ይጠላለፍ ጀመር። ገመዱ ላይ ደም ነበር፤ ደሙ ገመዱን አሟልጮት ድንጋዩ ሳይነቃነቅ እጁ ብቻ ወደፊት ይሄድ ነበር። አፈር ዘግኖ መዳፉን አሸበትና እንደገና ያዘ። እንዲህ ማድረግ እንዳለበት ማንም አልነገረውም። እኔ ማስተማር የነበረብኝ ያንን ነበር።

ያኔ ከአንደኛ ክፍል ሰልፍ ውስጥ ልጁ ወጣች። ማንም ሳይይዛት በሜዳው መካከል ሄዳ ከድንጋዩ ኋላ ተንበረከከችና በሁለት እጇ መግፋት ጀመረች። አላለቀሰችም። ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጋ ትገፋለች። ድንጋዩ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። አባቷ ክብደቱ ሲቀንስበት ዞር አለና አያት።

ገመዱን ጣለው። ወደ እሷ ሄዶ ከመሬት አነሳትና ጉልበቷ ላይ ያለውን አፈር አራገፈላት። ከዚያ ወደ እኔ መጣ።

«መምህር» አለ፣ «ሰፊው ይከብዳል።»

አልሰማሁም አልኩት። ሰምቼ ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። እሱም አልበቃኝም፤ ተማሪውን ሁሉ ወደ ክፍል አስገባሁና ሰሌዳ ላይ እንዲጽፈው ጠመኔ ሰጠሁት። ጠመኔው በመዳፉ ደም ቀላ። ጽሕፈቱ ከእኔ ያማረ ነበር። «ሰፊ ገጽ ያለው ነገር የበለጠ ሰበቃ አለው» ብሎ ጻፈ፣ አራቱን ነጥብ በትክክል አስቀመጠ፣ ጠመኔውን ጠረጴዛዬ ላይ መለሰና አሁን መሄድ እንደሚችል ጠየቀኝ። ሂድ አልኩት። የጁምዓው ሰዓት አልፎ ነበር። ልጁን እጇን ይዞ ወጣ።

ደስ አለኝ። ያን ቀን ምን እንደተሰማኝ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ለማሳመር ሞክሬአለሁ፤ ነገር ግን የተሰማኝ ደስታ ነው። ዲሬክተሩ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። ማታ የሁለታችንን እራት እሱ ጋበዘ።

ሰኞ አልመጣም። በሳምንቱም አልመጣም። ልጅቷም አልመጣችም። በሦስተኛው ሳምንት ማስመሪያ ይዤ ስሙን ከመዝገቡ ላይ በቀይ ቀለም ሰረዝኩት። የእሷን የአንደኛ ክፍል መምህር ሰረዘው። የኋላው ወንበር ለሁለት ትንንሽ ልጆች ተሰጠ፤ እግራቸው መሬት አይደርስም ነበር።

በክረምቱ ለመምህራን ኮርስ አዲስ አበባ ተላክሁ። በሁለተኛው ሳምንት የፊዚክስ አስተማሪያችን አንድ የእንጨት ቁራጭና ባለ ስፕሪንግ ሚዛን ይዞ መጣ። እንጨቱን በሰፊ ጎኑ ጠረጴዛው ላይ አድርጎ በሚዛኑ ጎተተ፤ ቀስቱ የት ላይ እንደቆመ አንድ ሰው አነበበ። አዞረውና በጠባብ ጎኑ ጎተተ። ቀስቱ እዚያው ላይ ቆመ። ክብደቱ እስካልተለወጠ ድረስ የሚነካው ቦታ መስፋቱና መጥበቡ ለውጥ የለውም፣ ብዙ ሰው ግን ለውጥ ያለው ይመስለዋል ብሎ አለፈ። አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም።

ከትምህርቱ በኋላ ሚዛኑን ለመንኩት። ብቻዬን ቀርቼ ጎተትኩ። በሰፊው ጎተትኩ፣ በጠባቡ ጎተትኩ። ስንት ጊዜ እንዳደረግሁት አላውቅም። አስተማሪው ተመልሶ ሲመጣ እዚያው አገኘኝና ትጋቴን አመሰገነ።

ጳጉሜን ውስጥ አንኮበር ስመለስ ዕቃዬን አስቀምጬ ወደ አልዩ አምባ ወረድኩ። ግማሽ ቀን ሄድኩ። መንደሩን እየጠየቅሁ ሳገኘው ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የበቅሎ መጫኛ ይሰፋ ነበር። አየኝ። ተነሳ፣ «እንደምን ሰነበቱ መምህር» አለኝ፣ ወደ ውስጥ አስገባኝ። ሚስቱ በመጋረጃ በኩል ሰላም ብላኝ ምግብ ታዘጋጅ ጀመር። የእጅ ውሃ ያመጣችው ልጅቷ ናት። ቁመቷ ጨምሯል። ውሃውን ስታፈስልኝ ሳህኑን ነበር የምታየው፤ ፊቴን አንድ ጊዜም አላየችም።

ከበላን በኋላ ነገርኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ «እርስዎ» አልኩት። ልክ እንደነበሩ በሚዛን አየሁ፣ ልጅ ሆኜ ነው፣ እብሪት ነው፣ ይቅር ይበሉኝ አልኩ። ስናገር የመጫኛውን ቆዳ ይዞ ሰማኝ። መዳፉ ላይ ከጣቶቹ በታች የሚያብረቀርቅ ጠባሳ ነበር።

«ድንጋዩን እኔ አውቀው ነበር» አለ። እሱ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» አለኝ። «ለእኔ መጥተህ ብትነግረኝ ምን ትጨምርልኛለህ? የማያውቁት ልጆቹ ናቸው። ውሸቱን ደብተራቸው ላይ ጽፈዋል። እኔን ያዋረድከኝ በእነሱ ፊት ነው። ይቅርታው ለእነሱ ሲነገር ነው ለእኔ የሚደርሰኝ።»

እነግራቸዋለሁ አልኩት። ወላሂ በል አላለኝም። ወደ ትምህርቱ እንዲመለስ ለመንኩት፤ ጣት ከማስነካቱ በፊት ወረቀት ማንበብ ከቻለ የፈለገው ያ እንደነበረ፣ አልሐምዱ ሊላህ እንደሚበቃው ነገረኝ። ልጅቷስ አልኩ። እሷን ራስህ ጠይቃት አለ። ጠራሁና ከእኔ ጋር አንኮበር ተመልሳ መማር ትፈልግ እንደሆን ጠየቅኋት። የእጅ መታጠቢያውን ሳህን አንስታ ወጣች። አባቷም አልጠራትም። ፊደሉን እስከየት ቆጥራ እንደነበር ጠየቅሁት። «እስከ ቀ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለ በቅሎ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጥጥ አወራንና ሸኘኝ።

ሽቅብ ስወጣ ልቤ ቀሎኝ ነበር። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ያስተማርኳቸው ልጆች አብዛኞቹ አልፈው ሰባተኛ ክፍል ለመማር ደብረ ብርሃን ሄደዋል፤ ሌሎቹ ወደየቤታቸው ገብተዋል። ለነሱ እንዴት እነግራለሁ ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁ። አዲሶቹ ደግሞ አያውቁም። ስለዚህ በጥር ወር እንደገና ሰበቃ ላይ ስደርስ የእንጨት ቁራጭና ከነጋዴ የተዋስኩትን ሚዛን ይዤ ገባሁ። ሁለት ልጆች አስጠርቼ በሰፊውና በጠባቡ አስጎተትኩ፤ ቀስቱ አንድ ቦታ ቆመ። ትክክለኛውን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ትምህርቱ ጥሩ ነበር፤ ከዚያ በፊትም በኋላም ያን ያህል ጥሩ አድርጌ ያስተማርኩ አይመስለኝም።

መሐል ላይ እጅ ወጣ። ያቺ የቄስ ልጅ ናት። አምና ታማ ፈተና ስላመለጣት ክፍሉን እየደገመች ነበር። የአምናውን ደብተሯን ከአዲሱ ሥር አውጥታ ገልጣዋለች።

«መምህር» አለች፣ «አምና ሰፊው ይበልጣል ብለውን ነበር። እዚህ ጽፌዋለሁ። ጋሼም ድንጋይ የጎተቱት…»

እዚያ ላይ አቆመች። ልጆቹ ስለ ድንጋዩ ወሬ ሰምተው ኖሮ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እንዲህ ያለ ዕድል በልመና አይገኝም። አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። የሰውየው ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነበር፤ የሰጠሁትን ቃልም አልረሳሁም።

«አምና በደንብ አላዳመጥሽም ማለት ነው» አልኳት። «ለዚህም ነው የደገምሽው።»

ክፍሉ ሳቀ። እሷ እርሳሷን አንስታ የአምናውን ዓረፍተ ነገር በሁለት መስመር ሰረዘችው፣ ከላዩ ላይ አዲሱን ጻፈችና ተቀመጠች። እኔ ወደ ሰሌዳው ዞሬ ስለ ዘይትና ስለ ሞራ፣ ሰበቃን እንዴት እንደሚቀንሱ ማስተማሬን ቀጠልኩ።

በተከታዩ ዓመት ወደ ደብረ ብርሃን ተዛወርኩ። ባለ በቅሎውን ከዚያ ወዲህ አላየሁትም፤ ጭነት ይዞ ወደ ደብረ ብርሃን የሐሙስ ገበያ እንደሚመጣ ሰዎች ነግረውኛል፤ ሐሙስ ሐሙስ በዚያ በኩል አላልፍም ነበር።